የማያጣብቅ ቅባት በስታርች፦ ደሴ ተሠርቶ ኮምቦልቻ የማይበላሽ

ደሴ የሠራሁት ቅባት ኮምቦልቻ ሲደርስ ሌላ ቅባት ይሆናል። መንገዱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። እኔ ቤት እንደ ሻማ የደረቀው ቅባት፣ እዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ሱቅ ውስጥ እንደ ዘይት ይንቦጫቦጫል።

የደንበኞቼ ዋና ስሞታ ግን መቅለጡ አልነበረም። ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት ያላት አንዷ «እህቴ፣ ቅባትሽ ቆዳ ያለሰልሳል፣ አልክድም» አለችኝ። «ግን ያጣብቃል። ሰው ተቀብቶ ሲወጣ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ይለጠፍበታል።» እውነቷን ነው። ሺአ ቅቤ (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት)፣ ሰምና ዘይት ብቻቸውን ቆዳ ላይ ይተኛሉ፣ ያብለጨልጫሉ። ይህን የሚያስተካክለው ነገር ስታርች ነው፤ ከበቆሎ፣ ከድንች ወይም ከሩዝ የሚወጣው ነጭ ዱቄት። ስታርች ስል ግን ማንኛውንም ስታርች አይደለም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ጉድ ነበር። የድንች ስታርች በውሃ አብስዬ ሎሽን ውስጥ ጨመርኩት። የዚያን ዕለት እንደ እርጎ ያማረ ነበር። በሳምንቱ ከላይ ውሃ ቋጠረ፣ ከሥር ረጋ። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑን ስከፍተው ሆምጥጧል፣ ዳር ዳሩም ሻግቷል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናንተ ከዚያ ጀምሩ።

አብሲት የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቃል

ስታርች በጥቃቅን ፍሬዎች የተሠራ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ይዘቅጣል። ሙቀቱ እንደ ዓይነቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሲደርስ ፍሬው ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ውሃውም ይወፍራል። ገንፎ ማለት ይኸው ነው። አብሲትም ያው ነው። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ቀንሰን በፈላ ውሃ አብስለን ስንመልሰው፣ የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል፣ አየሩንም ይይዝለታል። እንጀራው ዓይን የሚያወጣው ለዚህም ጭምር ነው።

ያደረ እንጀራስ ለምን ይደርቃል? ሲበስል የተለያዩት የስታርች ሰንሰለቶች ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይያያዛሉ። ሲያያዙ የያዙትን ውሃ ይገፉታል። የእኔም ሎሽን ውሃ የተፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ያደረ ሎሽን ግን ምንም አይሆንም።

ስለዚህ ስታርች ሁለት የተለያየ ሥራ አለው። የበሰለው ውሃ ያወፍራል። ያልበሰለው ደግሞ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ዘይት ይጠጣል፣ ጣት ሥር እንደ ትንሽ ኳስ ይንከባለላል፣ ማብለጭለጩንም ያጠፋል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛውን እንደምትፈልጉ ወስኑ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ያልበሰለው ላይ የፍሬው መጠን ይወስናል። የሩዝ ስታርች ፍሬ ከ2 እስከ 8 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። የበቆሎው በአማካይ 15 አካባቢ ነው። የድንቹ እስከ 100 ይደርሳል። የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡ። ደረቅ የድንች ስታርች በጣት ሲታሽ «ክርች ክርች» የሚለው በከንቱ አይደለም። ለፊት ሩዝ ወይም በቆሎ ይሻላል።

ፋብሪካ የሚለውጠው

የተለወጠ ስታርች የሚባለው በፋብሪካ በኬሚካል ወይም በሙቀት ጠባዩ የተቀየረ ስታርች ነው። ከበቆሎ፣ ከድንች፣ ከካሳቫ ሊመጣ ይችላል። ለእኛ ሥራ ሦስቱ ይበቃሉ።

አንደኛው አሉሚኒየም ስታርች ኦክቴኒልሰክሲኔት ነው። ስሙ ምላስ ያስራል፤ እኔ ኦክቴኒል ስታርች እለዋለሁ። ፍሬው ላይ ዘይት የሚወድ ክፍል ተተክሎበታል። ውሃ ይሸሻል፣ ዘይት ይጠጣል፣ እጅ ላይ ሐር ሐር ይላል። ቅባታማነትን ለመቀነስ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ሶዲየም የሚል ወንድም አለው። እሱ ውሃና ዘይት ለማዋሃድ የሚሠራ ሌላ ዕቃ ስለሆነ በዚህ ምትክ አትግዙት።

ሁለተኛው ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ፎስፌት ነው። ይህ የሚያወፍረው ነው። ሰንሰለቶቹ ተመልሰው እንዳይያያዙ እንቅፋት ተደርጎባቸዋል። ፍሬውም እንዳይፈነዳ እርስ በርሱ ተጋምዷል። ያደረ እንጀራ ችግር የለበትም ማለት ነው። ቀድሞ የበሰለው ዓይነት በቀዝቃዛ ውሃም ይወፍራል። የፋብሪካ አብሲት በሉት።

ሦስተኛው ዲስታርች ፎስፌት ነው። ፍሬው ስለተጋመደ በሙቀት ቶሎ አይፈርስም። አሉሚኒየም የሚለውን ቃል መለያ ወረቀት ላይ ማየት የማይፈልግ ደንበኛ ካላችሁ በኦክቴኒሉ ምትክ ይሞከራል። ሐርነቱ ግን ያንሳል።

የምግብ ጥሬ ዕቃ ከረጢት ላይ በቁጥር ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ኢ1412 ዲስታርች ፎስፌት ነው። ኢ1442 ሃይድሮክሲፕሮፒል ዲስታርች ፎስፌት ነው፤ የእርጎና የሶስ ማወፈሪያ፣ ለሁለተኛው የቅርብ ዘመድ። ኢ1450 የሶዲየሙ፣ ኢ1452 የአሉሚኒየሙ ኦክቴኒል ነው።

ቤት ውስጥ ልለውጠው የምትሉ ካላችሁ ተዉት። ፋብሪካ የሚጠቀምባቸው ኬሚካሎች ሳንባና ዓይን የሚያቃጥሉ ናቸው። የኩሽና ሥራ አይደለም።

እነዚህ ዱቄቶች በዓለም ገበያ ተፈላጊ የሆኑበትም ምክንያት አለ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የሕፃናት ፓውደሩን በዓለም ዙሪያ ከታልክ (ከድንጋይ ከሚፈጭ ዱቄት) ወደ በቆሎ ስታርች ያዞረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ሆን ተብሎ ምርት ውስጥ በሚጨመር ጥቃቅን ፕላስቲክ ላይ ገደብ አውጥቷል። ክሬም ያለሰልሱ የነበሩ የናይለን ዱቄቶች ቦታቸውን ለስታርች እየለቀቁ ነው።

የሲኒ ፈተና

አንድ ነጋዴ «ለኮስሞቲክስ የተለወጠ ነው» ብሎ ውድ ዱቄት ሸጠልኝ። ተራ የበቆሎ ስታርች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲኒ ሳልይዝ አልገዛም።

ሲኒ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ላዩ ላይ ነስንሱና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ላዩ ላይ ከተንሳፈፈና አልርስ ካለ ውሃ የሚሸሸው ኦክቴኒል ነው። አማስላችሁት ውሃውን ካወፈረ ቀድሞ የበሰለ ነው። ነጭ ሆኖ ከዘቀጠ ደግሞ ወይ ተራ ስታርች ነው፣ ወይ በሙቀት የሚበስል የተለወጠ ስታርች ነው።

የዘቀጠውን ለመለየት እስኪወፍር አፍሉትና ፍሪጅ አሳድሩት። በማግስቱ ረግቶ ዳሩ ላይ ውሃ ከቋጠረ ተራ ነው። እንዳለ ለስላሳ ከቆየ የተለወጠው ነው። ታልክ ይሁን ስታርች ካጠራጠራችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን አንድ ጠብታ ጣሉበት። ስታርች ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል። ታልክ ላይ አዮዲኑ ቡኒ እንደሆነ ይቀራል።

በነገራችን ላይ ቡላን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቡላ ጥሩ ስታርች ነው፤ ግን ያልተለወጠ ነው። ለገንፎ ይሁንላችሁ።

በቀላሉ ጀምሩ፦ ውሃ የሌለበት ቅባት

ውሃ ከሌለ ሻጋታ በቀላሉ አይመጣም። ስለዚህ ለጀማሪ ይህ ይሻላል። ለ100 ግራም፦

ሺአ ቅቤ 45 ግራም
የሱፍ ዘይት 30 ግራም
የተጣራ የንብ ሰም 10 ግራም
ኦክቴኒል ስታርች 14.5 ግራም
ቫይታሚን ኢ 0.5 ግራም

ሺአው የጋምቤላ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ዛፉ የአገራችን ነው። ሰሙን ከሰፈፍ የምታነጥሩ ከሆነ ደጋግማችሁ አጣሩት። የጠጅ ሽታ ያለው ቅባት ማንም አይገዛችሁም።

በማንኪያ አትስፈሩ። ግራም የሚለካ ሚዛን ግዙ። መጀመሪያ ስታርቹን በጥሩ ወንፊት ንፉት። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፤ በጣም የላመ ዱቄት ስለሆነ ይተናል። ሰሙን ከዘይቱ ጋር በውሃ ላይ በተቀመጠ ድስት አቅልጡ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ 70 ይበቃል። እሳቱን አጥፉና ሺአውን ጨምሩ።

አሁን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀጭን ሳለ ስታርቹን ከጨመራችሁ ሥር ይቀመጣል፤ ላዩ ቅባት፣ ታቹ አሸዋ ይሆናል። ማማሰያው ላይ ደመና መሰል ነገር ሲታይ፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ስታርቹን በሦስት ጊዜ ነስንሱና ሳታቋርጡ አማስሉ። እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ቫይታሚን ኢውን ጨምሩና ወደ ዕቃው ገልብጡ። ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት። ሺአ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ጠጠር ጠጠር ይላል። ደሴ ክረምት ላይ ፍሪጅም አያስፈልግ፣ መስኮት ይበቃል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ጠጠር ሆነብኝ።

ለኮምቦልቻ ሰሙን ወደ 13 ግራም ከፍ አድርጌ ዘይቱን ወደ 27 ዝቅ አደርጋለሁ። ስታርቹ አይነካም።

ሎሽን፦ ሁለቱ ስታርች አብረው

እዚህ ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ፎስፌቱ ውሃውን ያወፍራል፣ ኦክቴኒሉ ዘይቱን ያደርቃል። ለ200 ግራም፦

የተጣራ ውሃ 145 ግራም
ግሊሰሪን 8 ግራም
ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ፎስፌት፣ በቀዝቃዛ የሚወፍረው፣ 6 ግራም
የሱፍ ዘይት 24 ግራም
ኢመልሲፋይንግ ዋክስ (ውሃና ዘይት የሚያዋህድ ሰም) 8 ግራም
ሴቲል አልኮል (ሎሽን የሚያወፍር ሰም መሰል ነገር) 3 ግራም
ኦክቴኒል ስታርች 4 ግራም
ፌኖክሲኢታኖልና ኢቲልሄክሲልግሊሰሪን የተቀላቀለበት መከላከያ 2 ግራም

ውሃው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ይሁን። ጋራዥ አካባቢ የባትሪ ውሃ እየተባለ የሚሸጠውን እንዳትነኩ፤ አሲድ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ሁሉ በአልኮል ጥረጉ።

ፎስፌት ስታርቹን በቀጥታ ውሃ ላይ አትድፉት። በሶ በውሃ ላይ ደፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ይጓጉላል፣ ውስጡ ደረቅ እንክብል ይቀራል። መጀመሪያ በግሊሰሪኑ ለውሱት። ግሊሰሪን ስታርቹን ያርሰዋል፣ ቶሎ ግን አያሳብጠውም። ልውሱን ውሃው ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ተዉት። ቀስ ብሎ ይወፍራል።

ድስቱን ከነይዘቱ መዝኑና ቁጥሩን ጻፉ። ክዳኑን ገጥማችሁ እስከ 75 ዲግሪ አሙቁ። ከዚያ እንደገና መዝኑ። የተነነውን ያህል የሞቀ ውሃ መልሱ። ይህን የሚዘልል ሰው ሎሽኑ በየጊዜው የተለያየ ውፍረት ይወጣለታል፤ ምክንያቱን ግን ስታርቹ ላይ ይለጥፋል።

በሙቀት የሚበስለውን ዓይነት ካገኛችሁ ደግሞ ከፍታችንን አትርሱ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። የተጋመደ ስታርች ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ከረጢቱ ላይ 95 ዲግሪ የሚል ካለ እኛ ጋ አይደርስም። ሙቀቱን መጨመር ስለማንችል ጊዜውን እናራዝማለን።

በሌላ ዕቃ ከዘይቱ 18 ግራሙን፣ ዋክሱንና ሴቲል አልኮሉን እንዲሁ 75 ዲግሪ አድርሱ። የቀረውን 6 ግራም ዘይት ከኦክቴኒል ስታርቹ ጋር ለውሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ሁለቱ ሙቀቶች ሲመጣጠኑ ዘይቱን ወደ ውሃው አፍስሱ። በእጅ ብሌንደር አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። ብሌንደሩን ወድዳችሁ ሩብ ሰዓት እንዳታቆዩት። ያበጠ ፍሬ በምላጭ ሲመታ ይሰባበራል፣ ሎሽኑ ይቀጥናል፣ ይንዘላዘላል። ከዚያ በኋላ በማማሰያ ነው።

ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ የኦክቴኒል ልውሱን ጨምሩ። ቀጥሎ መከላከያውን። መከላከያ ለምን? ስታርች ለእኛ ብቻ አይደለም ምግብ የሚሆነው፤ ለባክቴሪያና ለሻጋታም ድግስ ነው። ውሃና ስታርች በአንድ ዕቃ አስቀምጦ «ኬሚካል የለበትም» ብሎ መሸጥ ሰውን መጉዳት ነው። በዚህ ነገር አልደራደርም። ልኩም ይኑረው። የአውሮፓ ደንብ ፌኖክሲኢታኖልን እስከ 1 ከመቶ ብቻ ይፈቅዳል። ከላይ ያለው 2 ግራም ከ200 ግራም ውስጥ 1 ከመቶ ነው።

በመጨረሻ አሲድነቱን የሚለካ የፒኤች ወረቀት ንከሩበት። 5 እና 6 መካከል ይሁን። ከፍ ካለ ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጣችሁ በጠብታ ዝቅ አድርጉት። የሎሚ ጭማቂ አይሆንም።

ሐረጎን አውርዱት

አሥር ትንንሽ ዕቃ ከሞላችሁ ሦስቱን አትሽጡ። አንዱ ደሴ መስኮት ላይ ይቀመጥ። አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ቀን ይውጣ፣ እንዲህ ለአምስት ቀን ይመላለስ። አንዱን ወደ ኮምቦልቻ ላኩት፤ ቆርቆሮ ሥር አንድ ወር ይሰንብት። የእኔን ያቺው ደንበኛዬ ከመስታወቷ ጀርባ ታስቀምጥልኛለች። በየሳምንቱ ክፈቱ፣ አሽትቱ፣ ገልብጡ። ውሃ ቋጥሯል? ቀለሙ ተለውጧል? ሁሉንም ከቀኑ ጋር ጻፉ።

ስሜቱን ለመፈተን የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የእጃችሁ ጀርባ ላይ አድርጉና እሹ። ስንት ጊዜ ስታሹት እንደሚጠፋ ቁጠሩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀጭን ሶፍት ጫኑበት። ከተጣበቀ ኦክቴኒሉን በ1 ግራም ጨምሩ፣ ከውሃው ያንኑ ያህል ቀንሱ። ቆዳው ዱቄት የነካው መስሎ ከነጣ ወይም ድርቅ ካለ አበዛችሁት። ሲታሽ እንደ ማጥፊያ ላጲስ ብናኝ እየተንከባለለ የሚረግፍ ነገር ካለ የሚያወፍረው ስታርች በዝቷል፤ ከ6 ወደ 4 ግራም አውርዱ።

ለሽያጭ ካሰባችሁ ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሚጠይቀውን ቀድማችሁ እወቁ። ለጎረቤት በነፃ የምትሰጡትም ቢሆን የተሠራበት ቀንና የገባበት ነገር ይጻፍበት።

ዕቃ አጠባው ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ኦክቴኒል የነካውን መጀመሪያ በደረቅ ሶፍት ጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና። ውሃ ስለሚሸሽ በውሃ ብቻ አይለቅም። የሚበስል ስታርች የነካውን ግን በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሩ። ሙቅ ውሃ ካፈሰሳችሁበት እዚያው ሙጫ ይሆንና ማታውን ሙሉ ስትፈትጉ ታድራላችሁ።